የትርንጎ እልልታና አልወጋም ያለችው መርፌ

ጆሮ ያላችሁ ቀረብ በሉ፤ ሌላ ወሬ የያዛችሁ ለነገ አሳድሩት። የምነግራችሁ አንዲት ሴት አንድ ትንሽ ነገር ፈልጋ የስንቱን ደጅ እንደጠናች ነው።

ሴትዮዋ ትርንጎ ትባላለች። ሸኖ ውስጥ የእህል ወፍጮ ያለው የአቶ ድንበሩ ሚስት ናት። በሸኖ እልልታ ከተባለ ትርንጎ ነበረች። ልጅ ሲወለድ ትጠራለች፣ ሙሽራ ሲገባ ትጠራለች፣ ታቦት ሲወጣ ሳትጠራም ትመጣለች። የእሷ እልልታ አንዴ ከተነሳ፣ እሷ ሳትጨርስ ሌሎቹ ሴቶች ጀምረው፣ ጨርሰው፣ ትንፋሽ ወስደው እንደገና ይጀምሩ ነበር ይባላል። ትንሽ ሳይጋነን አይቀርም፤ እኔ ግን አምኛለሁ።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ትንፋሿ ከዳት። ትንሽ ስትራመድ ይደክማታል፣ ጋደም ስትል ያፍናታል፣ ትራስ በትራስ ላይ ደርባ ቁጭ ብላ ታድራለች። ልጇን ውብዓለምን ሽማግሌዎች ሊጠይቁ የመጡ ዕለት፣ «ልጃችንን ሰጥተናል» ሲባል፣ ትርንጎ ብድግ ብላ እልልታዋን ጀመረች። መሐል ላይ ተቆረጠ። ሳል ያዛት፣ ከንፈሯ ጠቆረ፣ ደግፈው አስቀመጧት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ከፋሲካ በኋላ ውብዓለም ስትዳር አንድ እልልታ፣ ሙሉ፣ የማይቆረጥ። መኪና አላለችም፣ ወርቅ አላለችም፤ አንድ እልልታ ነው ያለችው።

እልልታ የሚገኘው ከማን ነው? ከትንፋሽ ነው። ትርንጎ ወደ ትንፋሿ ሄደችና፣ «አንተ ትንፋሽ፣ አንድ እልልታ ስጠኝ» አለችው።

«አልሰጥም» አለ ትንፋሹ። «ሳንባሽ ውስጥ ደም ተጠራቅሞ መቆሚያ አሳጥቶኛል። ደሙ የሚያልፍበት የልብሽ በር አልከፈት ብሎ ነው። ከእኔ ጋር ምን ያነታርክሻል፣ እሱን አናግሪው።»

ትንፋሹ እልልታውን አልሰጥም አለ።

ወደ ልቧ በር ለመድረስ አዲስ አበባ መሄድ ነበረባት። እዚያ ዶክተር ኢዮስያስ የሚባል፣ ገና ፂሙ በወጉ ያልሞላ የልብ ሐኪም ደረቷን በአልትራሳውንድ አይቶ በሩን አገኘው። ሐኪሞቹ ቫልቭ ይሉታል፤ እኛ በር እንበለውና እንለፍ። «አንተ በር፣ ትንፋሼን ልቀቅልኝ» አለችው ትርንጎ።

«አልለቅም» አለ በሩ። «ልጅ ሳለሽ ጉሮሮሽን ሲያምሽ ‹ይተዋታል› ተብሎ ታለፈ። ጉሮሮሽንማ ተወው፤ መጥቶ እኔን ያዘኝ። ሁለቱ መዝጊያዎቼ እየተጣበቁ እየተጣበቁ ይኸው ለጠብታ ያህል ነው የምከፈተው። መሐሌ ገብቶ የሚያላቅቀኝ ፊኛ አምጪልኝ።»

ትንፋሹ እልልታውን አልሰጥም አለ፤ በሩ ትንፋሹን አልለቅም አለ።

ፊኛው ሆስፒታሉ ውስጥ በንጹሕ እሽግ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ልጆች የሚነፉት ዓይነት አይደለም፤ ይሄ ጭምት ነው፣ ቀጭን ነው፣ ሲፈለግ ብቻ ለአፍታ ተነፍቶ ወዲያው የሚሟሽሽ ነው። «አንተ ፊኛ፣ በሩን ክፈትልኝ» አለችው።

«አልከፍትም» አለ ፊኛው። «መክፈቱስ ሥራዬ ነበር። ግን በሩ ያለው በልብሽ ግራ ክፍል ነው፤ እኔን የሚያስገቡኝ ደግሞ ከጭንሽ ሥር ባለው ደም ሥር፣ ወደ ልብሽ ቀኝ ክፍል ነው። እንግዳ ነኝ፣ መንገዱን አላውቀውም። ሽቦው ከፊት ካልመራኝ ከእሽጌ አልወጣም።»

ትንፋሹ እልልታውን አልሰጥም አለ፤ በሩ ትንፋሹን አልለቅም አለ፤ ፊኛው በሩን አልከፍትም አለ።

«አንተ ሽቦ፣ ፊኛውን ምራልኝ።»

«አልመራም» አለ ሽቦው። ለስላሳ፣ ጫፉ የተጠቀለለ፣ ማንንም መቧጨር የማይወድ ሽቦ ነው። «የልብሽን ቀኝና ግራ የሚለይ ግድግዳ አለ። እኔ ቀዳዳ ካገኘሁ እሾልካለሁ እንጂ ከግድግዳ ጋር አልጋጭም። ግድግዳውን ለምኚው።»

ትንፋሹ እልልታውን አልሰጥም አለ፤ በሩ ትንፋሹን አልለቅም አለ፤ ፊኛው በሩን አልከፍትም አለ፤ ሽቦው ፊኛውን አልመራም አለ።

«አንተ ግድግዳ፣ ሽቦውን አሳልፍልኝ።»

«አላሳልፍም» አለ ግድግዳው፣ ኮራ ብሎ። «የተሠራሁት ለመከልከል ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት የቀኙን ደም ከግራው ሳላደባልቅ የኖርኩት የመጣ ሁሉ እየለመነኝ እሺ ስል አይደለም። ስስ ቦታ የለኝም አልልም፤ አለኝ። እሱን ቦታ ለይታ፣ ቀስ ብላ ለምትወጋ መርፌ ካልሆነ ለማንም አልበገርም።»

ትንፋሹ እልልታውን አልሰጥም አለ፤ በሩ ትንፋሹን አልለቅም አለ፤ ፊኛው በሩን አልከፍትም አለ፤ ሽቦው ፊኛውን አልመራም አለ፤ ግድግዳው ሽቦውን አላሳልፍም አለ።

አሁን መርፌዋ መጣች። ይቺ መርፌ ስትታይ ረጅም ናት፣ ለጠባይዋ ግን እኔ ምስክር ነኝ። በቱቦ ውስጥ ተደብቃ ነው የምትጓዘው፤ በመንገዷ ያለውን ደም ሥር እንዳትቧጭር አንገቷን ቀብራ ትሄዳለች፣ ግድግዳው ጋ ደርሳ «አሁን ውጪ» ካልተባለች ጫፏን አታሳይም። ስንቱ አፈ ሹል ከእሷ በተማረ።

«አንቺ መርፌ፣ ግድግዳውን ውጊልኝ።»

«አልወጋም» አለች መርፌዋ። «እመቤቴ፣ አትቀየሚኝ። ከዚህ ግድግዳ አጠገብ ትልቁ የደም ሥር ያልፋል። ከወዲያ ማዶ ደግሞ የልብሽ የውጭ ግድግዳ አለ። ትንሽ ከሳትኩ የምወጋው ጎረቤት ነው፤ ያ ደግሞ ይቅርታ ተብሎ የሚታለፍ ስህተት አይደለም። ልብሽን በስክሪን የሚያሳየው ምስል ስሱን ቦታ አጥርቶ ካላሳየኝ ከቱቦዬ ንቅንቅ አልልም።»

ትንፋሹ እልልታውን አልሰጥም አለ፤ በሩ ትንፋሹን አልለቅም አለ፤ ፊኛው በሩን አልከፍትም አለ፤ ሽቦው ፊኛውን አልመራም አለ፤ ግድግዳው ሽቦውን አላሳልፍም አለ፤ መርፌዋ ግድግዳውን አልወጋም አለች።

«አንተ ምስል፣ ለመርፌዋ ቦታውን አሳይልኝ።»

«አላሳይም» አለ ምስሉ፣ ከስክሪኑ ላይ እየተርገበገበ። «ማሳየት ጠልቼ አይመስልሽ። ልብሽ እንዲህ እየዘለለ ምኑን ላሳይ? ግድግዳውን ያዝኩት ስል ያመልጠኛል። መጀመሪያ ልብሽ ይርጋልኝ።»

ልቧ ለምን እንደዘለለ እንድታውቁ እዚህ ላይ ትንሽ ላቁም። ነገሩ የባሏ የአቶ ድንበሩ ሥራ ነው።

ዶክተር ኢዮስያስ ሕክምናውን ያስረዳ ቀን ትርንጎ ዘመድ ቤት በሳል ተይዛ ተኝታ ነበር። ድንበሩ «እኔ ሰምቼ እነግራታለሁ» ብሎ ብቻውን ሄደ። በሩን ነገራት፣ ፊኛውን ነገራት፤ መርፌዋንና ግድግዳውን ዋጣቸው። ሐኪሙ ቆይቶ «ሁሉም ተነግሮዎታል እናቴ?» ሲላት፣ «አዎ ልጄ፣ ባለቤቴ ነግሮኛል» አለችው። ሐኪሙም አመናት፣ እሷም ባሏን አመነች።

የሕክምናው ቀን፣ በዐቢይ ጾም ውስጥ በአንድ ማክሰኞ፣ ትርንጎ ጠረጴዛው ላይ ተጋደመች። ጭኗን አደነዘዙት፤ እሷ ግን ነቅታለች። ቱቦው ገባ። ድንበሩ ኮሪደሩ ላይ ነርሷን፣ ሲስተር ረድኤትን፣ አስቁሞ በሹክሹክታ፣ «አደራሽን ልጄ፣ የልቧ ግድግዳ በመርፌ እንደሚበሳ እንዳትነግሯት» አላት። እንግዲህ ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከወፍጮ ሞተር ጋር ሲጯጯህ የኖረ ነው። የእሱ ሹክሹክታ የሌላ ሰው ጥሪ ነው። ምስጢሩ የክፍሉን በር አልፎ፣ መጋረጃውን አልፎ፣ ጠረጴዛው ላይ ደረሰ።

ትርንጎን የመርፌው ነገር አይደለም ያስደነገጣት። «እንዳትነግሯት» የሚለው ነው። በእኛ ዘንድ ከታማሚ የሚደበቀው መቼ እንደሆነ ማን ያጣዋል። የሚድን በሽታማ በየቤቱ ይወራል፣ መድኃኒቱም በየደጁ ይታዘዛል። ሹክሹክታው የሚጀመረው ተስፋ ሲቆረጥ ነው። ልቧ ያኔ ዘለለ፣ ምስሉም ያኔ ተርገበገበ።

«አንተ ልብ፣ ለምስሉ እርጋልኝ።»

«አልረጋም» አለ ልቧ። «ልትሞቺ ነው እየተባለ በምን አንጀቴ ልርጋ?»

ዶክተር ኢዮስያስ መርፌዋን ባለችበት አቁሞ ጎንበስ አለላት። «እናቴ፣ የሰሙት እውነት ነው። ግድግዳውን እንወጋለን፤ ቀድመው ከእኔ አፍ መስማት ነበረብዎ። ግን ያ ስስ ቦታ በእናትዎ ሆድ ሳሉ ክፍት ነበር። የሁላችንም ክፍት ነበር፤ ተወልደን ስንተነፍስ ነው የተዘጋው። እኛ የምንገባው በዚያው በድሮው መግቢያ ነው። የምንተወው ቀዳዳ ትንሽ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይደፈናል። ይድናሉ ብዬ ነው እዚህ ያስተኛሁዎት።»

ትርንጎ እየቆራረጠች መለሰችለት። «አንተ ደግ ልጅ ነህ። ደግ ሰው ደግሞ ይዋሻል። እኔ ራሴ ለጎረቤቴ ‹ጨጓራ ነው፣ ያልፍልሻል› ብዬ ፊቷ ላይ ስቄላታለሁ። እሷም አምናኝ ነው የሞተችው።» ትንፋሽ ወሰደች። «ድንበሩን ጥሩልኝ። ዓይኔን እያየ መዋሸት አይችልም። ዛሬ ጠዋት ጣሪያ ጣሪያ ሲያይ የነበረው ወዶ አይደለም።»

ሲስተር ረድኤት ወጣች። «ጋሼ ድንበሩ፣ ይግቡና እውነቱን ይንገሯቸው» አለችው።

«አልናገርም» አለ ድንበሩ። «ታላቅ ወንድሜን ሐኪም ሕመሙን ፊት ለፊት ነገረው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ ከዚያ ወዲያ እህል አልቀመሰም። ትርንጎን በአፌ አልገድላትም።»

«ሰምተዋል እኮ።»

«ማን ነገራት?»

«እርስዎ።»

«እኔ በሹክሹክታ ነው የተናገርኩት» አለ ድንበሩ። ኮሪደሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ፤ ማንም ሊስቅበት አልፈለገም።

እንግዲህ ቆጠራው እዚህ ደረሰ። ትንፋሹ እልልታውን አልሰጥም አለ፤ በሩ ትንፋሹን አልለቅም አለ፤ ፊኛው በሩን አልከፍትም አለ፤ ሽቦው ፊኛውን አልመራም አለ፤ ግድግዳው ሽቦውን አላሳልፍም አለ፤ መርፌዋ ግድግዳውን አልወጋም አለች፤ ምስሉ ለመርፌዋ ቦታ አላሳይም አለ፤ ልቧ ለምስሉ አልረጋም አለ፤ ባሏ ለልቧ እውነት አልናገርም አለ። ሁሉም እጁን አጣምሮ ቆመ፤ ሴትዮዋ መሐል ተኝታለች።

ዶክተር ኢዮስያስ ጓንቱን እንዳጠለቀ በክፍሉ በር ብቅ አለ። «ጋሼ ድንበሩ፣ በዚህ ሁኔታ መርፌውን አልገፋም። ካልረጉ ቱቦውን አውጥቼ ወደ ቤት እመልሳቸዋለሁ። ሌላ ተራ እስኪደርሳቸው ግን ያ የልባቸው በር ጨርሶ አይዘጋም ብዬ ቃል ልገባልዎ አልችልም።»

ድንበሩ ሐኪሙን አየ፣ ጫማውን አየ፣ ተነሳ። የጨረር መከላከያውን ከባድ ሽርጥ አለበሱት። ኩንታል ሲሸከም ምንም የማይለው ሰው በዚያች ሽርጥ ጎበጠ። ገብቶ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመና ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰቀለ።

«ጣሪያውን ተወው» አለች ትርንጎ። «እኔ እዚህ ነኝ።»

ዓይኑን አወረደ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። የደበቅኸኝ ልሞት ስለሆነ ነው ወይስ ስለፈራህ?»

 ይህ ሰው ሌሊት ወፍጮ ቤቱ የገባ ጅብ በዱላ ያባረረ ነው፤ ሸኖ ሁሉ ያውቃል፤ ያላወቀ ካለም እሱ ራሱ ነግሮታል። ፈራሁ የሚለው ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። አሁን ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፁ ግን አልተሰማም።

«አልሰማሁህም» አለች።

«ፈርቼ ነው» አለ። «ፈርቼ ነው፣ ትርንጎ። ሐኪሙማ ትድናለች ነው ያለኝ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ። መርፌ፣ ግድግዳ ሲል ግን እኔን የወጋኝ መሰለኝ። አንቺ ብትሰሚ ትጸኛለሽ። እኔ ነኝ ስነግርሽ ፊትሽ የማለቅሰው።» እንዳለውም አለቀሰ፤ ሽርጡ ከብዶት እጁን አንስቶ ዓይኑን መጥረግ እንኳ አቃተው።

ትርንጎ ለረጅም ጊዜ ዓይኑን አየችው። ውሸት ፈለገች፣ አጣች።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«አንተ ሰውዬ» አለች፣ «ለዚህ ነው ልቤን እንደ ወፍጮህ ያስሮጥከው?» ይህን ብላ ዓይኗን ከደነች። የልብ ምቷን በሚቆጥረው ማሽን ላይ የነበረው ጥድፊያ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ መጣ። ሲስተር ረድኤት የድንበሩን ሽርጥ ጠርዝ ያዝ አድርጋ ወደ ኋላ ሳበችውና ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ። ባሏ ለልቧ እውነቱን ተናገረ፤ ልቧ ለምስሉ ረጋ፤ ምስሉ ለመርፌዋ ቦታ አሳየ። ግድግዳው በስክሪኑ ላይ ፍንትው ብሎ ታየ፤ ቱቦው ስሱን ቦታ ሲነካው ድንኳን በምሰሶ እንደሚወጠር ወጠር አለ። ዶክተር ኢዮስያስ «ትክክል ነው» አለ፣ ለራሱ። ጎረቤቶቹን ሁሉ አንድ በአንድ አየ፤ ሁሉም በየቦታቸው ናቸው። «አሁን ውጪ» አላት መርፌዋን። መርፌዋ ግድግዳውን ወጋች፤ ስትጨርስም ሳትቆይ ወደ ቱቦዋ ተመለሰች። ግድግዳው ሽቦውን አሳለፈ፤ ሽቦው ፊኛውን መራ፤ ፊኛው ለአፍታ ተነፍቶ በሩን ከፈተ፤ በሩም ትንፋሹን ለቀቀ።

ትርንጎ ዓይኗን ገለጠች። «ደረቴ ላይ የተቀመጠው ሰው ተነሳ» አለች።

«ማን ነው እሱ?» አለ ድንበሩ፣ ደንግጦ ከወንበሩ እየተነሳ።

«እኔ ምን አውቅለታለሁ፤ ይሂድ ብቻ።» አንዴ ወደ ውስጥ ሳበች፣ እንደገና ሳበች፤ አየሩ የሚያልቅ አልመሰላትም። ያለ ትራስ እንደተጋደመች ያኔ ገና ልብ አለች። አፏን ለእልልታ ከፈት ስታደርግ ሲስተር ረድኤት ደረሰችባት። «እትዬ ትርንጎ፣ ዛሬ እግርዎን ዘርግተው ዝም ብለው ይተኙልኝ። እልልታው የትም አይሄድም።» ትርንጎም እሺ ብላ ተኛች። ወደ መኝታ ክፍል ከወሰዷት በኋላ ድንበሩ አጠገቧ ተቀምጦ ማንም ሳይጠይቀው ስለ መርፌዋ፣ ስለ ግድግዳውና ስለ ሽቦው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራት። አንዱንም አልዋጠም። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሌሎች ታማሚዎችም አብረው ተማሩ።

ፋሲካ ዋለ፣ ሰርጉ ደረሰ። ሸኖ ላይ ድንኳን ተተከለ። ውብዓለም ነጭ ለብሳ ከቤት ወጣች። ያኔ አንድ ነገር ሆነ፤ ማንም አላዘዘውም። የሰፈሩ ሴቶች አንዳቸውም እልል አላሉም። ከበሮ የያዘችው ከበሮዋን በመዳፏ አፈነችው። ሁሉም ወደ ትርንጎ ዞሩ፤ የሽምግልናው ቀን ከንፈሯ ሲጠቁር ያዩ ነበሩና ፈርተዋል። ውብዓለምም እርምጃዋን አቆመች፣ ቬሏን በእጇ ገለጠች፣ እናቷን አየች።

ትርንጎ ነጠላዋን አስተካከለች። በአፍንጫዋ ቀስ ብላ አየር ሳበች።

ትንፋሹም እልልታውን ሰጠ።

ወጣ፣ ቀጠለ፣ መሐል ደረሰ፣ መሐሉን አለፈ። ሴቶቹ አብረዋት ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር፤ አንዳንዶቹ አልቻሉም፣ ለቀቁ። እልልታው ድንኳኑን አልፎ መንገዱ ላይ ወጣ፣ ጋሪ ነጂው ፈረሱን አቆመ። ውብዓለም ሙሽራነቷን ረስታ ሮጠችና የእናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ትርንጎ ልጇን በአንድ እጇ አቅፋ ቀጠለች። ባበቃች ጊዜ ተቆርጦባት አይደለም፤ ጨርሳው ነው። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተቀበሏት።

እኔ የሰማሁት ይህን ነው፤ የሰማሁትንም አልደበቅኋችሁም። በሉ እናንተም ዝም አትበሉ፣ እልል በሉላት።